ተቀበል

አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ግጥም ሲመጣለት መጀመሪያ የሚለው «ተቀበል!» ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ለዘብ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። ሰውዬው ስንኙን ይላል። አዝማሪውም ያንኑ ስንኝ አንድ ቀለም ሳይጥል በዜማ መልሶ ያሰማዋል። ቤቱ የሚስቀውም ሆነ «ወይ ጉድ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ስንኙን የሰጠው ሰው ራሱ እንኳ የተናገረውን በደንብ የሚሰማው ከሌላ አፍ ሲመለስለት ነው።

ገጣሚ የገጣሚን ሥራ እንዴት ማድነቅ እንዳለበት ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ቃል ነው። «ተቀበል» ማለት «አወድስ» ማለት አይደለም፤ «ፍረድ» ማለትም አይደለም። የሰጠሁህን ሳታፈስ ያዝ፣ ከዚያ አሰማኝ ማለት ነው። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ተቀባዮች አሏት። ሠርግ ላይ ዘፈን አውጪ ካለ ተቀባይ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቅኔ ሲቀርብ ተቀባዩ አጠገብ ይቆማል። በአገራችን ግጥም ከአንድ አፍ ወጥቶ ተንጠልጥሎ የቀረበት ሥርዓት አላውቅም። ብቻውን የቀረው ግጥም ወረቀት ላይ የወጣው ነው።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት መቀበልን ከማረም ጋር አጣምሮ ይዟል። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከተባለው ባለ ሁለት ቤት (ባለ ሁለት ስንኝ) የቅኔ ዓይነት ይጀምራል፤ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ ሦስት ቤት፣ በዋዜማ አምስት፣ በሥላሴ ስድስት እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ቅኔ ለሚሰማው አስነጋሪ ወይም ለየኔታ ይነግራል። «ነገራ» የሚባለው ይህ ነው። ሰሚው ቅኔውን በጆሮው ይዞ ቤቱ መሙላቱን፣ ሰዋስው መጠበቁን፣ ሰሙና ወርቁ መግጠማቸውን ይመረምራል። የጎደለውን ያቃናል። ቃሉ «ማቃናት» መሆኑን ልብ በሉ፤ የተጣመመውን ሳይሰብሩ ማስተካከል ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በቅኔ መንገዳቸው ቢለያዩም በዚህ አይለያዩም፦ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ይቃናል።

ሌላም ነገር አለ። ቅኔው በማኅሌት ሲዘረፍ ምሥጢሩ የተፈታላቸው ሊቃውንት «ይበል!» ይላሉ። ይህ ቃል በየስንኙ አይረጭም፤ ቦታ አለው። ባለ ቅኔው ወርቁን የሸሸገው የት እንደሆነ ያውቃል፤ «ይበል» የተባለውም እዚያው ላይ ከሆነ ሰሚ እንዳገኘ ያውቃል። ሌላ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ወርቁ እንዳልታየ፣ ወይም ራሱ ያላየው ወርቅ እንዳለ ይማራል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን የተባለችበት ቦታ ሙሉ አስተያየት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የተሳለ የመቀበል ልማድ ያለን ሰዎች የጓደኛችንን ግጥም አንብበን «በጣም አሪፍ ነው»፣ «ነካኝ»፣ «ብዕርህ ይባረክ» ብለን ስንለያይ የሚጎዳው ገጣሚው ነው። «ነካኝ» ያለው ሰው የቱ ቃል እንደነካው አልተናገረም። ገጣሚው ቤቱ ገብቶ ግጥሙን ሲያወጣ ከ16 ስንኝ ውስጥ የትኛውን ማትረፍ፣ የትኛውን መጣል እንዳለበት አያውቅም። ሙገሳውን ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር፤ አሁን ግን ከመሞገሱ በፊት ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አላለም።

የዚህ ስንፍና አንዱ ምክንያት «ሂስ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለሂስ» የስብሰባ ሥርዓት ነበር፤ ሰው ተነስቶ ራሱን የሚከስበት፣ ባልደረባውም የሚያጋልጠው መድረክ። ቃሉ ያንን ጠረን ይዞ ቀርቷል። «ሂስ ስጠኝ» ሲባል ሰሚው ጥፋት ፍለጋ የተላከ ይመስለዋል። ጥፋት መፈለግ የማይወድ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ወደ ምርቃት ይሸሻል። በምርቃትና በክስ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የገጣሚዎች ሥራ ያለው ግን እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የሚከተሉት ሁለት ስንኞች ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የተገጠሙ ናቸው፦

የናቴ ነጠላ   በሩ ላይ ተሰቅሎ
ዛሬም ይጠብቃል   ትመጣለች ብሎ።

የወል ቤት የሚባለው የምጣኔ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ክፍል። የ፣ ና፣ ቴ፣ ነ፣ ጠ፣ ላ፦ ስድስት። በ፣ ሩ፣ ላይ፣ ተ፣ ሰቅ፣ ሎ፦ ስድስት። ድምፅ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ስለሚያያዝ ለብቻው አይቆጠርም፤ «ላይ» አንድ ነው፣ «ሰቅ»ም አንድ ነው። በጣት ጠረጴዛ መታ መታ እያደረጉ ሲቆጥሩት ጆሮ ይመራል፤ በዓይን ፊደል ሲቆጥሩት ግን ይሳሳታሉ። ለምሳሌ ገጣሚው «የናቴ» በማለት ፈንታ «የእናቴ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለዓይን ትክክለኛው አጻጻፍ እሱ ነው፤ ግን ጥንቁቅ አንባቢ «እ»ን ለብቻዋ ካነበባት ሐረጉ ሰባት ይሆናል። ስለዚህ «ፊደል ገድፈሃል» ብሎ የሚያርም ጓደኛ ምጣኔውን ሊያፈርስ ይችላል። መጀመሪያ ይቁጠር፣ ከዚያ ይጠይቅ።

አሁን «ይጠብቃል» የምትለዋን ተመልከቱ። ጽሕፈታችን ጥብቀትን አያሳይም። «ብ» ጠብቃ ከተነበበች ቃሉ ከመጠበቅ የመጣ ነው፤ ነጠላው ሰው ይጠብቃል። ላልታ ከተነበበች ደግሞ ከመጥበቅ ይሆናል፤ እንደ ቋጠሮ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህ የትርጉም ልዩነት ብቻ አይደለም። ጠብቃ ስትነበብ ቃሉ አራት ቀለም አለው፣ ላልታ ስትነበብ ሦስት። አንባቢው አላልቶ ካነበባት «ዛሬም ይጠብቃል» አምስት ላይ ይቀርና ቤቱ ያነክሳል። ገጣሚው ግን ይህን መቼም አይሰማውም፤ በራሱ ራስ ውስጥ ቃሏ ሁልጊዜ ጠብቃ ነውና የምትነበበው። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»፣ «ሰፊ» የሚሉት ደግሞ ቀለማቸው ባይለወጥም የትርጉም ወጥመድ ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለው ሕግ ይህ ነው፦ ግጥሙን የጻፈው ሰው አያንብበው። ቢያንስ መጀመሪያ አያንብበው። ገጣሚ የራሱን ሥራ ሲያነብ ጉድለቱን በድምፁ ይሞላዋል፤ የጎደለችውን ቀለም ይስባታል፣ የተረፈችውን ይውጣታል፣ ደካማውን ስንኝ በሐዘን ያቀልመዋል። ሰሚው የሚያደንቀው ንባቡን ይሁን ግጥሙን አይለይም። ሌላ ሰው ሳያዘጋጅ ሲያነበው ግን ምላሱ የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ መረጃ ነው። አንባቢው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይቅርታ መጠየቅ የለበትም፤ የተደናቀፈበትን ማወቅ ነው የሚፈለገው።

የሚበጀው አካሄድ እንዲህ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይሰብሰብ። ሁሉም አንድ ግጥም ያምጣ፣ ከ20 ስንኝ የማይበልጥ። ለአንድ ግጥም 20 ደቂቃ ይመደብ፤ አምስት ሰው ከሆነ 100 ደቂቃ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክማል፣ መጨረሻ ላይ የተነበበውም ግጥም ግፍ ይደርስበታል። ወረቀቱ በጉልህ ፊደል ይታተም፣ በስንኞቹ መካከል የእርሳስ ቦታ ይተው፣ በሐረግና በሐረግ መካከልም እንደ ቀድሞዎቹ መጻሕፍት ክፍተት ይኑር። ወረቀቱ ግን ገና አይታደል።

መጀመሪያው ንባብ ለጆሮ ብቻ ነው። ባለ ግጥሙ ያልሆነ ሰው ያነባል፤ ሌሎቹ ወረቀት የላቸውም። ሲጨርስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይባላል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው በጆሮው የቀረችውን አንዲት ሐረግ በቃሉ መልሶ ይናገራል። አስተያየት የለም፣ «ወደድኩት» የለም፤ ሐረጓን ብቻ። «የናቴ ነጠላ» ይላል አንዱ። «ትመጣለች ብሎ» ይላል ሌላው። አንዱ አጣሞ «በራችን ላይ ተሰቅሎ» ሊል ይችላል፤ ይህም አይታረም፣ ይመዘገባል። ሰው አጣሞ ያስታወሰው ቦታ ወይ የደከመ ነው፣ ወይም ጆሮ የተሻለ ቃል አግኝቶለታል። አራት ሰው አራቱም አንድ ሐረግ ከመለሱ ግጥሙ ልቡ የት እንደሆነ ታወቀ። ከ16 ስንኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ካስታወሱ መካከሉ ፈዝዟል ማለት ነው፤ ማንም ሰው ክፉ ቃል ሳይናገር ገጣሚው ይህን አወቀ።

አዝማሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ይህን ይያዝ።

ሁለተኛው ንባብ በወረቀት ነው፤ ሌላ ሰው ያነባል፣ ሌሎቹ እርሳስ ይይዛሉ። ሦስት ምልክት ይበቃል። ጆሮ ላይ የቀረውን ማክበብ፣ ምላስ ወይም ምት የተደናቀፈበትን ከሥሩ ማስመር፣ ያልገባውን ጎን ላይ ነጥብ መጣል። ከሦስት በላይ ምልክት ሲበዛ ሰው ወደ አስተማሪነት ይሄዳል፤ ወረቀቱ በቀይ ይሞላል፣ ባለ ግጥሙም ወረቀቱን እንጂ ግጥሙን ማየት ያቅተዋል። እርሳስ ያልኩትም በምክንያት ነው።

ሦስተኛውን ንባብ ገጣሚው ራሱ ያነባል። እዚህ ላይ የሚሰማው ልዩነት ብዙ ያስተምራል፤ ሌላው ሰው ያቆመበትና እሱ የሚያቆምበት ቦታ ካልተገናኘ የስንኙ አከፋፈል ወይም የዕረፍቱ ቦታ ገና ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም።

ከዚያ ነው አድናቆቱ የሚነገረው። አድናቆት ሦስት ነገር ሲኖረው ይጠቅማል፦ ቃሉን ይጠራል፣ ቃሉ ምን እንዳደረገ ይናገራል፣ እንዴት እንዳደረገው ይገምታል። ከላይ ባሉት ሁለት ስንኞች ላይ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል። «‹ዛሬም› የምትለው ቃል ብቻዋን ዓመታት ተሸክማለች። እናትየው መቼ እንደሄደች አልተነገረም፤ ‹ም› ግን ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም እንደነበር ነገረችኝ።» ወይም፦ «ሞት የሚል ቃል የለበትም። ‹ትመጣለች ብሎ› ያለው ነጠላው ስለሆነ ተስፋ ማድረጉ የልብሱ ነው፤ የሰውየው ዝምታ የሚሰማው በዚህ ነው።» እንዲህ የተባለ ገጣሚ በሚቀጥለው ግጥሙ ዕቃን ማናገር እንደሚሆንለት፣ ነገርን መተው እንደሚያውቅበት ያውቃል። መሣሪያው በእጁ መሆኑን ተነገረው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። «ነጠላ» ልብስ ነው፤ ብቻውን የቀረም ነገር ነጠላ ነው። ሰሙ በሩ ላይ የተሰቀለው ልብስ፣ ወርቁ ደግሞ ብቻውን የቀረው ልጅ ሊሆን ይችላል። ገጣሚው አስቦበት ከሆነ ይህን መስማቱ «ይበል» መባል ነው። ሳያስበው መጥቶለት ከሆነ ግን ጓደኛው ስጦታ ሰጠው፤ ከአሁን በኋላ ግጥሙን ሲያስፋፋ ይህችን ሁለት ትርጉም የያዘች ኅብር እንዳይሰብራት ይጠነቀቃል። እዚህ ላይ የሚደረግ ስህተት አለ፦ አድናቂው በራሱ ግኝት ተማርኮ ግጥሙ የማይሸከመውን ወርቅ ይቆፍራል። መለኪያው ቀላል ነው። የተገኘው ትርጉም ሌላውን ስንኝ ያጠናክራል ወይስ ብቻውን ይቆማል? «ብቸኛ» የሚለው ከ«ይጠብቃል» ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ ይያዝ። ካልሄደ የአንባቢው ነው፣ ለራሱ ያስቀምጠው።

አድናቆት ውስጥ ጉድለትን መናገር የለም ማለቴም አይደለም። በእነዚሁ ስንኞች ቤት መምቻው፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ቃል፣ «ተሰቅሎ» እና «ብሎ» ነው፤ ሁለቱም ቦዝ አንቀጽ፣ ብቻውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ እንዲህ ያለው ቤት መምቻ ሳይፈለግ ይመጣል፤ «ሄዶ፣ ወስዶ፣ ወርዶ» እያለ 20 ስንኝ መግጠም ይቻላል። ግስን ከስም ጋር ማጋጠም የበለጠ ያስደስታል፣ ጆሮ ያልጠበቀውን ያገኛልና። ይህን ለገጣሚው መንገር ተገቢ ነው። ግን የእኔ ፍርድ እዚህ ላይ «ተወው» ነው። ሙሾ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚገጥመው፤ እናት የሞተችበት ሰው ብርቅ ቤት መምቻ ፍለጋ ሲወጣ ሐዘኑ ይጠረጠራል። ቴክኒካዊ ሕግን ከግጥሙ ፍላጎት ጋር ማመዛዘን የማይችል ሰው ባይናገር ይሻላል።

የሚያበላሸው ደግሞ በጎ አሳቢው ነው። «ከነጠላ ጋቢ ይሻላል፣ ይከብዳል» ይላል። ይክበድ፤ ግን «ጋቢ» ሁለት ቀለም ነው፣ ሐረጉ አምስት ይሆናል፣ ብቸኝነቷም ከቃሉ ጋር ትሄዳለች። ሌላው «እናቱ መሞቷ ግልጽ አይደለም፣ አንድ ስንኝ ጨምር» ይላል። የአማርኛ ግጥም ላይ ከማንኛውም ሂስ በላይ ጉዳት ያደረሰ ምክር ይህ ይመስለኛል። ወጣት ገጣሚ ሦስተኛ ስንኝ ይጨምርና ሞትን ይጠራል፤ ነጠላው ያኔ ልብስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። «አልገባኝም» ማለት ታማኝ አስተያየት ነው፣ ነጥቧ ትጣል። «ስለዚህ አብራራ» የሚለው ግን መድኃኒት ማዘዝ ነው፤ መድኃኒቱን ገጣሚው ራሱ ይፈልግ።

ቃል የመቀየር ፍላጎት ሲመጣ ጠቃሚው ነገር አማራጩን ሳይናገሩ ቦታውን ማሳየት ነው። «እዚህ ጋ ጆሮዬ ከበድ ያለ ነገር ጠብቆ ነበር» ማለት ይበቃል። አማራጭ ቃል ከተሰጠው ገጣሚው ወይ ይቀበለውና ግጥሙ የሁለት ሰው ይሆናል፣ ወይ እልህ ይይዘውና ደካማውን ቃል ይሟገትለታል።

ጀማሪ ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። 12 ስንኝ ይዞ ይመጣል፦ ፍቅር እሳት ነው፣ ልብ ይቃጠላል፣ ጨረቃ አለች፣ እንባ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ዘጠነኛው ስንኝ ላይ ግን «ያልታጠበው ብርጭቆሽ» የሚል ሐረግ ተቀምጧል። አሥራ አንዱን ስንኝ አንድ በአንድ ማፍረስ ቀላል ነው፤ ትክክልም ይሆናል። ግን ልጁ የሚይዘው «አልችልም» የሚለውን ብቻ ነው። ብርጭቆውን ብቻ ማንሳት የተሻለ ይሠራል። «ብርጭቆው አልታጠበም ስትለኝ አየሁት። ከንፈሯ የነካው ቦታ እንዳይጠፋ መሆኑን አልነገርከኝም፣ እኔ ደረስኩበት። እንዲህ ያለ ነገር ስንት አለህ?» ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ይዞት የሚመጣው ግጥም ከብርጭቆው የሚጀምር ይሆናል፤ ጨረቃዋን ማንም ሳይከሳት ራሷ ትወጣለች። የተወደሰ ነገር ይበቅላል። ለዚህም ነው በደካማ ቦታ ላይ ያረፈ ሙገሳ ከስድብ የባሰ የሚጎዳው፤ «እንባ እንደ ጎርፍ» ላይ «ዋው» ያለ ሰው ለዓመታት የሚቀጥል ጎርፍ ከፍቷል።

ከማድነቅ በፊት የቤቱን ዓይነት ማወቅም ግድ ነው። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ባወጡት ጥናት ነገሩን በስርዓት ካቀረቡት ወዲህ መነጋገሪያ ቃል አለን። የወል ቤት ስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ ቡሄ በሉ አራት በአራት፣ በፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ፀጋዬ ቤት ደግሞ ስምንት በስምንት ነው። በፀጋዬ ቤት የተጻፈን ግጥም «ረዘመብኝ» ማለት፣ ቡሄ በሉን «ልጅ ልጅ ይላል» ማለት አስተያየት አይደለም፤ ቤቱን አለማወቅ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ሐሳብ ለምን ይህን ቤት መረጠ?» የሚለው ነው። ቁጭት የያዘ ነገር በአራት በአራት ሲዘል መልእክቱና እግሩ ይጣላሉ፤ አንዳንዴ ግን ጠቡ ራሱ ግጥሙ ነው፣ ልጆች እየዘፈኑ ሲያለቅሱ እንደማየት። ምጣኔ የሌለውን ግጥም ይዞ ለመጣም ሰው ጣት ከመቁጠር በፊት ስንኙን ለምን እዚያ ጋ እንደሰበረው ማዳመጥ ይገባል። የሰበረበት ቦታ ትንፋሽ ካልሆነ፣ ሐሳብም ካልሆነ፣ ያኔ ይነገረዋል።

ዕድሜና ማዕረግ ባለበት ቦታ ነገሩ ይከብዳል። ወጣቱ ለአንጋፋው «ይህ ስንኝ ያነክሳል» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም፤ መታዘዝም የለበትም። ግን ዝም ማለትም አንጋፋውን ከወዳጅ ማራቅ ነው፤ ብዙ ታላላቅ ሰዎች በስተመጨረሻ የሚሰሙት ጭብጨባ ብቻ የሚሆነው በዚህ ነው። መውጫው ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ቃል አጥብቀው ነው አላልተው የሚያነቧት?» ይላል ወጣቱ። አንጋፋው ስንኙን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ጉድለት ካለ ጆሯቸው ራሱ ይነግራቸዋል። ክብርም አልተነካ፣ ቤቱም ቀና። በተቃራኒው አንጋፋው ለወጣቱ ሲናገሩ አንድ ነገር ብቻ ቢሉ ይበቃል፤ ከማዕረግ የመጣ አምስት አስተያየት አምስት ትእዛዝ ነው።

የተመላሽ ሙገሳ ነገርም አለ። «ግጥሜን ስላወደሰ ላወድሰው» የሚል ዕዳ ውስጥ የገቡ ገጣሚዎች እርስ በርሳቸው መስማት ያቆማሉ። ይህን ለመስበር፣ ሁሉም በአንድ ቀን ያምጣ ያልኩትን ትቶ፣ አንድ ዘዴ ይረዳል፦ የሰው ግጥም በተነበበበት ቀን የዚያ ሰው አንባቢ የነበረ ሰው የራሱን አያቅርብ፤ ተራውን በሚቀጥለው ጊዜ ያድርግ። በሁለቱ መካከል ሳምንት ካለ ዕዳው ይቀዘቅዛል። ሌላው ልማድ ሰውየውን ማድነቅ ነው፦ «አንተ እኮ የተፈጠርከው ገጣሚ ሆነህ ነው።» ይህ ሲሰማ ደስ ይላል፣ ግን ገጣሚው ከእንግዲህ ደካማ ግጥም ይዞ መምጣት ያፍራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይደነቅ፤ ሰውየው እንዲሁ ይወደድ።

የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የሚደረገው ንግግር ከዚህ ጋር አይቆጠርም። መጽሐፉ ታትሟል፣ ቃል አይቀየርም፤ ዕለቱ የደስታ ነው፣ ይጨብጨብ። ሥራው ያለው ከማተሚያ ቤት በፊት ነው። 60 ግጥም ያለው ጥራዝ ሊያሳትም የተነሳ ሰው ጓደኞቹን «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ጥሩ ነው» ነው የሚያገኘው። ለስድስት ሰው አሥር አሥር ግጥም አከፋፍሎ «በሳምንቱ ሳታዩት የምታስታውሱትን ጻፉልኝ» ቢል ግን ጥራዙ ራሱን ይመርጣል።

ተራርቀው ለሚኖሩት፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለበት፣ የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ በብዙ ይሻላል። 14 ስንኝ ማንበብ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ፦ ገጣሚው ጽሑፉን ይላክ፣ ተቀባዩ በራሱ ድምፅ አንብቦ ይመልስለት። ይህ ብቻውን፣ ምንም አስተያየት ሳይጨመርበት፣ ለገጣሚው ብዙ ይነግረዋል፤ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደቆመ፣ «ይጠብቃል»ን እንዴት እንዳነበባት ይሰማል። አስተያየቱ በማግስቱ ይላክ። ሌሊት የተላከ ግጥም ላይ ሌሊት የተሰጠ መልስ አብዛኛውን ጊዜ የስሜት እንጂ የጆሮ አይደለም።

ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ሥርዓት አለው። አስተያየት በሚሰጥበት ጊዜ ገጣሚው አይናገርም፤ ይጽፋል። «እኔ ለማለት የፈለግኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአፍ ከወጣ ሰሚዎቹ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ማብራሪያውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግጥም አበቃለት። ሁሉም ሲጨርስ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፣ ጥሩው ጥያቄም ጠባቡ ነው፦ «አራተኛው ስንኝ ላይ ማን እንደሚናገር ታወቀ?» ከዚያ አመስግኖ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ይሄዳል። ለሦስት ቀን ግጥሙን አይንካ። በአራተኛው ቀን ሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ክቦቹን ይቁጠር። ሦስት ሰው ያከበበውን እንዳይነካ፣ ሦስት ሰው ያሰመረበትን ጮክ ብሎ ያንብብ። አንድ ሰው ብቻ ያሰመረበት ከሆነ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ጆሮውም የምን ቤት እንደለመደ ያስብ።

አንድ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ሰው የቅርብ ሐዘኑን ገጥሞ ሲያመጣ እርሳስ አይወጣም፣ ቀለም አይቆጠርም፣ ወርቅ አይፈለግም። የሚደረገው የመጀመሪያው ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን በጆሮ የቀረች ሐረግ ለስለስ ባለ ድምፅ መልሶ ማለት። «የናቴ ነጠላ» ብሎ ዝም። ሌላው ይቀጥላል፣ «በሩ ላይ ተሰቅሎ»። ወረቀቱ ታጥፎ ለባለቤቱ ይመለሳል። አርባው ካለፈ በኋላ፣ ምናልባትም ዓመት ዞሮ፣ ገጣሚው ራሱ ወረቀቱን ይዞ ይመጣና «ሁለተኛው ስንኝ ስድስት ይሞላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ይወጣሉ፤ ዛ፣ ሬም፣ ይ፣ ጠብ፣ ብ፣ ቃል።